ትርጉሙ ገና አልተገኘም

በመሥሪያ ቤቷ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ከጥበቃው እስከ ዋና አዘጋጁ ድረስ «ሦስት ምስክር» ነው የሚሏት። መጀመሪያ ስሙ የወጣላት ለሹፈት ነበር፤ እያደር ሹፈቱ ረገፈና ስሙ ብቻውን ቀረ። አሁንማ ስልክ ስታነሳ ራሷም «አቤት፣ ሦስት ምስክር ነኝ» ትላለች፤ ደዋዩ ግራ ቢጋባ የራሱ ጉዳይ ነው።

የምትሠራው መዝገበ ቃላት በሚዘጋጅበት ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ የአውቶቡስ ማቆሚያውን በሚያይ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ትንንሽ መሳቢያ ነው። በየመሳቢያው መዳፍ የሚያህሉ ካርዶች ተደርድረዋል። በአንዱ ካርድ ላይ አንድ ቃል አለ፤ ከቃሉ ሥር ማን እንዳለው፣ የት እንዳለው፣ ሲለው ምን እያደረገ እንደነበር ተጽፏል። መደዳዎቹ ሦስት ናቸው፦ የመንገድ ቃል፣ የተረት ቃል፣ የቤት ቃል። ጎረምሶች ሲቀላለዱ የሚወራወሩት ወደ መንገዱ መደዳ ይገባል። ጭራቁና ዘንዶው፣ በአየር ላይ የሚሄደው ምንጣፍ ወደ ተረቱ። ማንኪያና ሰኞ፣ በርና ውሃ ወደ ቤቱ። እንግዳ ሰው ሁሉ የሚከብደው የመንገዱ መደዳ ይመስለዋል። እሷን ብትጠይቋት የቤቱ ነው የሚከብደው። «ሁሉ ሰው የሚያውቀውን ቃል እስቲ ፍታው ብትለው፣ አንድም ሰው አይፈታልህም» ትላለች።

ሕጓ ደግሞ አንድ ነው። ቃል ሦስት ምስክር ካላገኘ ትርጉም አይጻፍለትም። ምስክሮቹ የአንድ ቤት ሰዎች መሆን የለባቸውም፤ ቃሉንም ተጠይቀው ሳይሆን በራሳቸው ጉዳይ ላይ ሳሉ፣ ሳያስቡት ሊሉት ይገባል። «ወፍ የለም» የሚለውን የመንገድ አነጋገር መጀመሪያ ያገኘችው የመኪና ኮፈን ከፍቶ ከሚያጣራ መካኒክ ነበር። ሁለተኛውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሟን ፈልጋ ካጣች ተማሪ ሰማች። ሦስተኛው ግን ሰባት ወር አስጠበቃት። በመጨረሻ ያገኘችው ከጥርስ ሐኪሟ አፍ ነው፤ ሐኪሙ የተበላ ጥርስ ሲፈልግ ቆይቶ ለረዳቱ «ወፍ የለም» ሲል፣ አፏን እንደከፈተች በእጇ እርሳስ ጠየቀች። አንድ ጊዜ ዋና አዘጋጁ ራሳቸው እሳቸውና ባለቤታቸው የሚያውቁትን ቃል ይዘው መጡ። «እርስዎና ባለቤትዎ አንድ ቤት ናችሁ፤ ስለዚህ አንድ ምስክር ናችሁ» ብላ ካርዱን መለሰችላቸው። ካርዱ ዛሬም ጠረጴዛቸው ላይ አለ።

በዚያ ክፍል ውስጥ «ትርጉም የለውም» ማለት ነውር ነው። አዲስ የተቀጠረ ሰው ሲሳሳት እሷ ቀና ብላ ታየውና «ትርጉሙ ገና አልተገኘም፣ በል» ትለዋለች። ካርዱም ላይ የሚጻፈው እንደዚያ ነው።

ታላቅ እህቷ በዚህ ሁሉ ትስቅ ነበር። ታላቅየዋ ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማ አውቶቡስ ትኬት ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። ድምጿ ከኋላው በር ተነስቶ ሹፌሩ ዘንድ ሳይሰበር ይደርሳል። «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ ሁላችንም ዘመድ ነን!» ስትል የተኮራረፈ ባልና ሚስት እንኳ ይጠጋጋል። አውቶቡሱ ሲሞላ «ሙሉ ነው!»፣ እንዲነሳ ስትፈልግ የበሩን ብረት ሁለቴ መታ መታ አድርጋ «ሳበው!» ትላለች። ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ያሳደገችው በዚያው ድምፅ ነው። ከጡረታ ወዲህ የምትኖረው ምድር ቤት ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ ነው። መስኮቷ ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆነ፣ የመንደሩን ሰው ፊቱን ሳይሆን ጫማውን እያየች ነው በስም የምትጠራው።

አንድ ጠዋት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ወደቀች። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ እጇ ሞተ፣ ቀኝ እግሯ ሰነፈ። ለአንድ ሳምንት ድምጿ ጠፋ። ድምጿ ሲመለስ ደግሞ፣ የሚናገረው ሌላ ሰው እስኪመስል ድረስ ቃሉ ሁሉ ተዘበራርቆ መጣ። ታናሿ በቀረበች ቁጥር ዓይኗ ይበራል፤ ከዚያ አፏን ከፍታ «ማንኪያ... ሰኞ... ሙሉ ነው» ትልና እንባዋ ይመጣል።

የክፍሉ ዶክተር ቁመተ ረጅም፣ ጨዋ፣ ችኩል ሰው ነበሩ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ገብተው፣ ደረታቸው ላይ ፋይል ደግፈው፣ ለሦስት ምስክርና ለእህቷ ልጅ አስረዷቸው።

«አንዳንዱ የድሮ ልማድ ነው፤ ምላሷ የለመደውን ይላል፣ እንደ በቀቀን ማለት ነው። ሌላው ጭራሽ ቃል አይደለም። ከባዱ ነገር፣ የምትለው ስህተት መሆኑን አታውቅም። ድምፅ ይወጣል፤ ትርጉም የለውም።»

ሦስት ምስክር ደሟ ፈላ። ስትናገር ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ዶክተር፣ ትርጉሙ ገና አልተገኘም ቢሉ ይሻላል።»

ዶክተሩ በትሕትና ፈገግ ብለው ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፉ።

የእህቷ ልጅ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ጭምት ሰው ነው፤ ሙሉ ቀን በሰው ፎቅ መካከል ተንጠልጥሎ ስለሚውል ይሆናል፣ ወሬ አያበዛም። አክስቱን ኮሪደር ላይ ይዟት ወጣና ጫማውን እያየ ነገራት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ሦስት ሰዎች ይሰበሰባሉ፦ ዶክተሩ፣ የክፍሉ ኃላፊ ነርስና ከማኅበራዊ ጉዳይ የምትመጣ ሴት። በሽተኛዋ የሚያስፈልጋትን ለሰው ማስረዳት ከቻለች፣ ተመላላሽ ረዳት ተመድቦላት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ካልቻለች ከከተማ ውጭ ወዳለው የመጦሪያ ተቋም ትገባለች፤ ቤቷም ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ያየሁትን አይቻለሁ አክስቴ» አለ። «ብርድ ይሁን ርሃብ የማትነግረኝን ሰው እንዴት ቤት ዘግቼባት ወደ ሥራ እሄዳለሁ? እኔ ልጠላት ነው እንዴ?»

«አትጠላትም። ግን አልሰማሃትም።»

«ምኑን ልስማ?»

 መልሱ በማግስቱ ራሱ መጣ። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የእህቷን ፀጉር ስታበጥር፣ ታላቅየዋ አንድ ነገር ልትነግራት ጀመረች። ቃሉ አልመጣላትም። ግንባሯን በግራ እጇ መታ መታ አደረገች፤ በጣም ተናደደች፤ ከዚያም ቀስ ብላ፣ ጥርት አድርጋ «ጉርዝማ» አለች።

ማበጠሪያው ከሦስት ምስክር እጅ ወደቀ። ያንን ቃል ከሃምሳ ዓመት በላይ አልሰማችውም።

ሁለቱ ልጆች ሳሉ ኩፍኝ ይዟቸው ሦስት ሳምንት አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው ነበር፤ ታላቅየዋ የዘጠኝ፣ ታናሽየዋ የአምስት ዓመት። ያኔ ታላቅየዋ ከአልጋ በታች አንድ አገር ፈጠረች። ንጉሥ የለውም፤ ዘበኛ ግን አለው። ዝምቦላ ይባላል፤ ግዙፍ ነው፣ ሳያንኳኳ ይገባል። አገሩን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ አለ፣ ቲርሊ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ጉርዝማ የሚባል ጉም አለ፤ የነገርን ስም የሚበላ ጉም። ጉርዝማ ውስጥ የገባ ሰው ጫማውን ምን እንደሚሉት እንኳ ይረሳል። ብቻውንም አይወጣም፤ ደጅ የቆመ ሰው የያንዳንዱን ነገር ስም እየጠራ ያወጣዋል። ሁሌ የምትገባው ታናሿ ነበረች፣ ሁሌ ደጅ ቆማ የምትጠራው ታላቋ።

«እትዬ» አለች ሦስት ምስክር፤ «ቃሉ ጠፋብሽ? ጉርዝማ ውስጥ ነሽ?»

ታላቅየዋ እጇን ያዘችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። ስህተቷን አታውቅም የተባለችው ሴት፣ ስህተቷን ካወቀች ሰንብታለች፤ ስም የሰጠችውም ከዶክተሩ ቀድማ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ምስክር ጥፋት ሠራች። እኔ እንደሆንኩ አልፈርድባትም፤ ደስታ ከኀዘን ይልቅ ሰው ያስቸኩላል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ተቀምጣ፣ ከዚያ ከአልጋ በታች አገር የምታስታውሳቸውን አሥራ ዘጠኝ ቃላት ከነትርጉማቸው በትልልቅ ፊደል ጻፈች። ማንንም አልጠየቀችም፣ አንድም ካርድ አላወጣችም። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን አልጋው ራስጌ ለጥፋ፣ «ሲስተር፣ ይህን እያዩ ያናግሯት» ብላ ሥራዋ ሄደች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ማምሻውን ስትመለስ ወረቀቱ አልነበረም። ኃላፊ ነርሷ ደልደል ያለች፣ እግሯን የሚያማት፣ ሰው የማታሞኝ ሴት ናት። ወረቀቱን አጣጥፋ ሰጠቻት።

«እናት፣ ክፉ ሐሳብ እንደሌለዎት አውቃለሁ» አለች። «ጠዋት ‹ቲርሊ› አለች። እርስዎ ውሃ ብለው ጽፈዋል። ውሃ ሰጠናት፣ ገፋችው። ደግማ ‹ቲርሊ› አለች፣ ደግመን ሰጠናት። ብርጭቆውን ወርውራ ተንሰቀሰቀች። ዶክተሩ ቆመው እያዩ ነበር። የራሷን ቃል እንኳ አትረዳም ብለው ፋይሉ ላይ ጻፉ።»

ሦስት ምስክር ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያፈረችው በዶክተሩ ፊት አልነበረም፣ በመሳቢያዎቿ ፊት ነበር። የአሥራ ዘጠኙም ቃላት ምስክር ማን ነው? እሷ ብቻ። እሷም የዛሬዋ አይደለችም፣ ኩፍኝ የያዛት የአምስት ዓመት ልጅ ናት። ዋና አዘጋጁን ከነካርዳቸው የመለሰች ሴት፣ ለገዛ እህቷ ሲሆን ሕጓን ሻረች። «ጉድ ነሽ» አለች ለራሷ፣ ጮክ ብላ። ወረቀቱን ቀደደችው። ነጋ ሲባል መሥሪያ ቤቷ ገብታ የዓመት ፈቃዷን ጠየቀች፤ ባዶ ካርድ በአንድ ሣጥን ሞልታም ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሥራ ብቻ ነው። ጠዋት የጠያቂ በር ሲከፈት ትገባለች፤ ሲዘጋ ትወጣለች። አትጠይቅም፣ አትገምትም፣ እህቷን አትረዳትም። ታዳምጣለች። ሰዓቱን፣ ከቃሉ በፊት የሆነውን ነገር፣ ዓይኗ የዞረበትን፣ ምን ሲደረግላት ፊቷ እንደተፈታ ትጽፋለች። የሚከብደው አለመርዳት ነበር። አንድ ቀን ታላቅየዋ «ማንኪያ፣ ማንኪያ» እያለች ስትለምናት፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ የእርሳሷን ጫፍ እየነከሰች ሃያ ደቂቃ ጠበቀች። «ማንኪያ» መነጽሯ መሆኑን የደረሰችበት በሦስተኛው ቀን ነው።

ምስክር ማሰባሰቡም እንደ ሕጉ ሆነ። የአንድ ቤት ሰው አንድ ምስክር ነውና የእሷ ጆሮ ብቻውን አይበቃም። ጽዳት ሠራተኛዋን፣ ጎን ያለችውን በሽተኛ፣ የእጅና የእግር እንቅስቃሴ የሚያሠራውን ልጅ እግር ባለሙያ ሁሉ መዘገበቻቸው። «ለእኔ ብላችሁ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ» ትላቸዋለች። ባለሙያው ቀኝ እጅዎን ያንሱ ሲላት ታላቅየዋ እጇን አየት አድርጋ «ወፍ የለም» ስትል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሦስት ምስክር ሳትስቅ ጻፈች። አሥራ አንድ ተማሪ ሐኪሞች አልጋውን ሲከቡት «ሙሉ ነው!» አለች፤ እሱም ተጻፈ። ቃሉ የድሮ ልማድ ነው፤ አልካደችም። ነገር ግን በቦታው፣ በሰዓቱ፣ ሳይሳሳት የሚወጣ ልማድ የበቀቀን አይደለም።

ለቲርሊ መጀመሪያ የመሰከረችው ጽዳት ሠራተኛዋ ናት። «ጠዋት መስኮት ስከፍት ነው የምትለው» አለች። ጎረቤቷ በሽተኛ ደግሞ ገላዋን አጥበዋት ሲመልሷት ሰማች። ሦስተኛው ነርሷ ራሷ ናት፤ አንሶላ ሊቀየር ብርድ ልብሱ ሲገፈፍ። ያኔ ለሦስት ምስክር ነገሩ ገባት። ከአልጋ በታች ባለው አገር ወንዙ የሚሠራው ወለሉ ላይ በሚዘረጋ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ነበር፤ የታላቅየዋ ብርድ ልብስ። ታናሿ ተጠቅልላ ማዶ ተቀምጣ ወንዙን ስታይ፣ ታላቋ በስስ ልብስ ወለል ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር። ለአንዷ ውሃ የነበረው ለሌላዋ ብርድ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ለእሷ ስትል ይበርዳት እንደነበረ ታናሿ ገና አሁን ማወቋ ነው። ካርዱ ላይ «በረደኝ» ብላ ጻፈችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አንድ ቃል ብቻ አሻፈረኝ አለ፤ «ሰኞ»። ታላቅየዋ በቀን ደጋግማ ትለዋለች፣ ቀኑ ማክሰኞም ይሁን ቅዳሜ። ሁለት ምስክር ተገኝቶለታል፤ ትርጉሙ ግን አይጨበጥም። ስብሰባው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የእህቷ ልጅ ከሥራ በቀጥታ፣ እጁ ላይ ቅባት እንዳለ መጣ። የአልጋው እግር ጋ ቆመ። የእግር እንቅስቃሴው አሁን አልቆ እናቱ ላብ በላብ ሆናለች። አየችውና «ሰኞ» አለች።

ልጁ ቅባት ያለበትን እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ደክሟታል» አለ።

ሦስት ምስክር እርሳሷን አነሳች። «ምን አልክ?»

«ሰኞ እኮ የእረፍት ቀኗ ነበር። ሌላው ሰው እሑድ ሲያርፍ እሷ ሰኞ ነበር የምታርፈው። ከትምህርት ቤት ስመጣ ቤት የማገኛት ሰኞ ብቻ ነው። እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ‹ዛሬ ሰኞ ነው፣ ማንም እንዳይነካኝ› ትለኝ ነበር።» ወደ እናቱ ዞረ። «አስሬ ስትነግረኝ ነበር ለካ። ደክሞኛል ስትለኝ እኔ ቀን የጠፋባት መስሎኝ...»

ጠጋ ብሎ ትራሷን አስተካከለላት። ታላቅየዋ ዓይኗን ጨፍና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትነጫነጭ ተኛች። አክስትየዋ በካርዱ ላይ «ምስክር ሦስት፦ ልጇ፣ ከሥራ የመጣ» ብላ ጻፈች።

ሐሙስ ደረሰ። ሦስት ምስክር አርባ ሁለት ካርዶቿን በክር አስራ ስትመጣ፣ ዶክተሩ በሩ ላይ አስቆሟት።

«እርስዎ አይገቡም» አሉ። «ይቅርታዎን። እርስዎ ካሉ በሽተኛዋ ባትናገርም እርስዎ ይገባዎታል። ቤት ስትሄድ ሁልጊዜ አጠገቧ አይሆኑም። ልጇ ይግባ፣ እሱም አይናገር። ካርዶቹን ለሲስተር ይስጧት።»

መቆጣት አማራት። ግን ትክክል ናቸው፤ የገዛ ሕጓን ነው የነገሯት። ካርዶቹን ለነርሷ አስረከበች። «ያልተጻፈ ነገር ካለች?» ስትል ጠየቀች። «ያልተጻፈውን አናውቅም» አሉ ዶክተሩ። ሦስት ምስክር ኮሪደር ቀረች፤ በሩ ግን ገርበብ እንዳለ ነበር፣ ማንም አልዘጋውም።

መጀመሪያ የሰማችው የመጋረጃውን ቀለበቶች ድምፅ ነው፤ ቀጥሎ እህቷን።

«ዝምቦላ።»

ካርዶች ተገላበጡ። ነርሷ አነበበች፦ «ዝምቦላ፤ ሳያንኳኳ የሚገባ ግዙፍ ዘበኛ። ምስክር አንድ፦ ጽዳት ሠራተኛ፣ ዶክተሩ ሲገቡ። ምስክር ሁለት፦ ጎረቤት በሽተኛ፣ ዶክተሩ ሲገቡ። ምስክር ሦስት...» እዚህ ላይ ነርሷ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ ነኝ። እኔም ዶክተሩ ሲገቡ።»

 ከዚያ የአልጋው ብረት ቀስ ብሎ ተንኳኳ። «ይፈቀዳል?» አሉ ዶክተሩ። የታላቅየዋ ሳቅ ኮሪደር ድረስ ተሰማ።

ጥያቄው ቀጠለ። መስኮት ከፈቱ፤ «ቲርሊ» አለች፤ ነርሷ ካርዱን አንብባ ብርድ ልብስ ደረበችላት፤ ዝም አለች። ጋዜጣ ሰጧት፤ «ማንኪያ» አለች፤ መነጽሯን አቀበሏት። የቆመ ሰዓት አሳይተው ይሠራል ወይ ሲሏት «ወፍ የለም» አለች፤ ይህን ነርሷ ካርድ ሳታይ ነው የሳቀችው። ሦስት ምስክር ግድግዳውን ተደግፋ በጣቷ ትቆጥር ነበር፤ እስካሁን አንድም ያልተጻፈ አልመጣም።

የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቀችው የማኅበራዊ ጉዳይዋ ሴት ናት። ድምጿ ለስላሳ ነው፣ አትቸኩልም።

«እናቴ፣ ከዚህ ሲወጡ የት መኖር ይፈልጋሉ?»

 ታላቅየዋ ጀመረች፣ ተወች፣ ደግማ ጀመረች። «ጉርዝማ» አለች። «ቃሉ ጠፋብኝ፣ ማለት ነው» አለች ነርሷ። «እንጠብቃለን» አለች ሴትየዋ። ኮሪደሩ ላይ ሦስት ምስክር አፏን በእጇ ከደነች። በልጅነቷ ደጅ ቆሞ ስም የሚጠራላት ሰው ነበራት፤ አሁን እሷ ደጅ ቆማለች፣ መጥራት ግን አልተፈቀደላትም። ቤት፣ መስኮት፣ ጫማ እያለች በሆዷ ጠራች።

ድንገት ብረት ሁለት ጊዜ ተመታ፤ ኳ፣ ኳ። ከዚያ ከኋላው በር ተነስቶ ሹፌሩ ዘንድ የሚደርሰው የዱሮው ድምፅ፣ ሙሉውን፣ ሳይሰበር መጣ።

«ወራጅ አለ!»

ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ።  ይህ ቃል ካርድ የለውም። እንዴትስ ይኖረዋል? ቃሉ የተሳፋሪ ነው። እህቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲባል ሰማችው እንጂ አንድ ቀን ብላው አታውቅም፤ እሷ አስወራጅ እንጂ ወራጅ ሆና አታውቅም። ውስጥ ካርዶች ሲገለበጡ ሰማች፤ አንድ ጊዜ፣ እንደገና ከመጀመሪያው።

«ይሄ እዚህ የለም» አለች ነርሷ፣ ቀስ ብላ።

 ልጁ ቃሉን ጠብቆ ዝም አለ። ከዚያ ብዕር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«ካርድ ምን ያደርግለታል» አለች የማኅበራዊ ጉዳይዋ ሴት። «እኔ ዛሬ ጠዋት፣ ከዚህ በር ፊት ለፊት፣ ይህንኑ ብዬ ነው የወረድኩት።»

«እኔም» አለች ነርሷ።

ዶክተሩ መኪና አላቸው።  «ተማሪ ሳለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ «በየቀኑ። ቤታችን በር ላይ።»

ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስት ቤት። ማንም አልጠየቃቸውም።

ሦስት ምስክር ኮሪደሩ ላይ ከቦርሳዋ አንድ ባዶ ካርድ አወጣች። እንባዋ ስለሚወርድ ፊደሉን አታየውም፤ ቢሆንም ምስክሮቹን በተራ ጻፈች። የእህቷ ልጅ በሩን ከፍቶ ወጣ። «አክስቴ፣ ግቢ» አለ። «እናቴ ሰኞ ብላለች። እኔ ሄጄ ቤቷን ላናፍስላት።»

ታላቅየዋ ዛሬ በዚያች የምድር ቤት መስኮቷ ሥር ተቀምጣ የመንገደኛውን ጫማ ታያለች። ካርዶቹ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅለዋል፤ ረዳቷም የመንደሩ ሰውም ቃሏን ለምዶታል፤ ሳያንኳኳ የሚገባውን ሁሉ ዝምቦላ ማለት በመንገዱ ተዛምቷል። ሦስት ምስክር ሥራዋ ተመልሳለች። የሐሙሱን ካርድ በመንገዱ መደዳ ውስጥ ልታስገባው ነበር፤ እዚያው ቆማ ሐሳቧን ቀየረችና በቤቱ መደዳ፣ ማንም ሊፈታው በማይችለው መደዳ ውስጥ አኖረችው። የትርጉሙ ቦታ ለሁለት ሳምንት ባዶ ቆየ። አሁን ግን ተጽፎበታል፦

ወራጅ አለ፤ ቤቴ እዚህ ነው፣ አቁሙልኝ።